ወንበሮቹ ለቅሶ ላይ ናቸው

ሰው ሲሞት ሰው ያዝናል። እኔ ግን አምና ጎረቤቴ ሞተው ተናደድሁ። የእድሩ ጡሩምባ ጎህ ሲቀድ እየተነፋ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ «ምነው እስከ ዓርብ እንኳ ቢቆዩ!» እያልሁ ከሟች ጋር ተጣላሁ። አትፍረዱብኝ። መፍረዳችሁ እንኳ አይቀርም፤ ግን መጀመሪያ ስሙኝና በኋላ ደህና አድርጋችሁ ትፈርዳላችሁ።

የምኖረው ንፋስ መውጫ ነው። አገሩን ለማያውቅ ስሙ ይበቃዋል፤ የጋይንት ንፋስ የሚወጣው በእኛ በኩል ነው። ሲወጣም ባዶ እጁን አይወጣም፤ ወይ ባርኔጣ ወይ ቆርቆሮ ይዞ ነው። ከዚህ ንፋስ ጋር ሲታገል የኖረ አንድ ሲኒማ ቤት አለን። አዎ፣ ሲኒማ ቤት። ደብረ ታቦር ያሉ ዘመዶቼ ይህን ስናገር ይስቃሉ። ይሳቁ። እነሱ ፊልም የሚያዩት በስልክ ነው፤ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ብቻቸውን፣ እንደ ሌባ። እኛ ሁለት መቶ ሆነን ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን እናያለን። አንዱ ካለቀሰ ሁሉም ያለቅሳል፤ አንዱ ካሳለ ሁሉም «እሽሽ!» ይለዋል። እንዲህ ያለ ነገር ደብረ ታቦር የለም።

ቤቱን የሠራው ወርቁ የሚባል ሰው ነው፤ ነፍሱን ይማርና። ወታደር ቤት ሳለ ፊልም የሚያሳይ መሣሪያ ማንቀሳቀስ ተምሮ፣ ሲሰናበት አንድ አሮጌ መሣሪያ ገዝቶ አገሩ ገባ። ሌላው ከውትድርና ቁስል ይዞ ሲመለስ እሱ ሲኒማ ይዞ ተመለሰ። ቤቱ የመንግሥት አይደለም፣ የኩባንያም አይደለም። እንጨቱን ሰፈሩ ተሸክሞ አመጣ፣ ጭቃውን ሰፈሩ በደቦ ረገጠ። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲመጣ ድምፅ የሚባል ነገር አይሰማም፤ የሐምሌ ፊልም ሁሉ ለእኛ የዲዳ ፊልም ነው። ዛሬ ወርቁ የለም። ቤቱን የያዙት ሚስቱ እትዬ ዘርፌ ናቸው።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ወርቁ ቤቱን ሲጨርስ ለመቀመጫ አቅም አነሰው። የሰፈሩ እድር ደግሞ ለለቅሶ ያሠራቸው ሃያ አግዳሚ ወንበሮች ነበሩት፤ ማስቀመጫ አጥተው ዝናብ ያበሰብሳቸዋል። ተስማሙ። ወንበሮቹ ሲኒማ ቤት ይደሩ፤ ሰው ሲሞት ለቅሶ ይሂዱ። ከዚያ ስምምነት አንድ ደንብ ተወለደ፤ በሰፈሩ ለቅሶ ካለ እስከ ሠልስት ፊልም የለም። ሌላ አገር ሲኒማ የሚዘጋው መብራት ሲጠፋ ነው። የእኛ የሚዘጋው ሰው ሲጠፋ ነው።

እኔ የሲኒማው በረኛ ነኝ። የእድሩም ዕቃ ጠባቂ ነኝ። አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ሹመት። ድሮ ደግሞ ሦስተኛ ሹመት ነበረኝ፤ የሕንድ ፊልም ሲታይ ከመጋረጃው አጠገብ ቆሜ በአማርኛ አስተረጉም ነበር። ሕንድኛ አውቃለሁ ወይ? አንዲት ቃል አላውቅም። ግን ፊደል ያልቆጠረ ሰው የሰው ፊት ማንበብ ይችላል። ሲቆጣ ስድብ አስቀምጥለታለሁ፣ ሲያለቅስ ሙሾ አወርድለታለሁ። ሕዝቡም «ሕንዱ» ብሎ ስም አወጣልኝ። በኋላ የአማርኛ ፊልም በዛና ሰው ራሱ መስማት ጀመረ፤ እኔም ከመጋረጃው ወደ በሩ ተመለስሁ። ምቀኝነት እንዳይመስላችሁ እንጂ፣ ራሳቸው የሰሙት ፊልም እኔ ከነገርኋቸው አይበልጥም።

ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ በማታ ትምህርት። ከዚያ በፊት በር ላይ ቆሜ ትኬት ስቀበል ወረቀት የያዘ ሁሉ ይገባ ነበር። አንዱ የላሙን የክትባት ወረቀት እያሳየኝ አንድ ወር ሙሉ ፊልም አይቷል። ማንበብ ብርሃን ነው ይላሉ። እኔ ማንበብ ስጀምር ያየሁት ክልክል ብቻ ነው። መግባት ክልክል ነው፣ ማጨስ ክልክል ነው፣ በዚህ አጥር መሽናት ክልክል ነው። አርባ ሁለት ዓመት እንደ ልቤ የሸናሁበት አጥር ላይ! መማር ነፃ ያወጣል ያለኝን መምህር እስካሁን እየፈለግሁት ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

አንድ ዓርብ ጠዋት እትዬ ዘርፌ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘው መጡ። ለሌላ ሰው ቢሰጡት በደቂቃ ያነብላቸው ነበር። እኔ ግን ባለሁበት ወረቀት ሌላ ሰው አያነብም፤ አርባ ሁለት ዓመት ሰው አንብቦልኛል፣ ይበቃኛል። ጣቴን ከመስመሩ ሥር አድርጌ ጀመርሁ። እትዬ ዘርፌ ቆመው ጠበቁ። ደከማቸውና ተቀመጡ። ኋላ «እስክትጨርስ ሽንኩርት ገዝቼ ልምጣ?» አሉኝ። ሽንኩርቱን ገዝተው ሲመለሱ «ጉዳዩ» ከሚለው አልፌ ነበር።

ጉዳዩ ግን ቀላል አልነበረም። ዋናው መንገድ ሊሰፋ ነው፤ መስመሩም የሚያልፈው በሲኒማ ቤቱ ላይ ነው። ቤቱ አገልግሎት የሚሰጥ የቆየ ሲኒማ ቤት ከሆነ መንገዱ ጥቂት ዞር እንዲል ይደረጋል። ዝም ብሎ የቆመ አዳራሽ ከሆነ ይፈርሳል። ይህንን የሚያጣሩ ሁለት ባለሙያዎች በሚመጣው ሐሙስ አራት ሰዓት ይመጣሉ፤ ሌላ ቀጠሮ የለም።

«ሐሙስ እኮ ፊልም የለንም፤ ቅዳሜና እሑድ ነው» አሉ እትዬ ዘርፌ።

«ሐሙስ ይኖረናል።»

«በሥራ ቀን ማን ይመጣል?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት» አልሁና በየቤቱ ዞርሁ። ልመና አላውቅበትም። «ሐሙስ አራት ሰዓት ያልተገኘ ሰው ቅዳሜ በሩን አላሳየውም» እያልሁ ነው የዞርሁት። ሁሉም እሺ አለ። መጋረጃው ታጠበ፣ ወለሉ ተጠረገ፣ ሃያው ወንበር በረድፍ ተሰለፈ። በሩ አጠገብ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ሐሙስ አራት ሰዓት ለክቡራን እንግዶቻችን ልዩ ፊልም» ብዬ በጠመኔ ጻፍሁ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ግን ከመንገድ ማዶ ይነበባል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መሪጌታ ጥበቡ ታመሙ ተባለ።

መሪጌታ ቤታቸው ከሲኒማ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። እዚሁ ጋይንት ወዳለችው የድጓ ዜማ ደብር፣ ወደ ቤተ ልሔም ወርደው፣ ብዙ ዓመት ተምረው፣ ተፈትነው ድጓ አስመስክረው የተመለሱ ሊቅ ናቸው። እኔ በዚህ በኩል የሕንድ ሠርግ ስደግስ እሳቸው በዚያ በኩል ዜማ ያቀናሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ግድግዳውን በመቋሚያ ሲደበድቡ ኖሩ። መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር፤ «እኔ ድጓ ላስመሰክር ስንት ክረምት ተርቤ ነው። አንተን ሕንድኛ ማን አስመሰከረህ?» መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

እና እኚህ ሰው ከሐሙስ በፊት ቢሞቱስ? ወንበሩ ይሄዳል፣ ሰዉ ይሄዳል፣ ፊልም ክልክል ነው፣ እንግዶቹ ባዶ ቤት አይተው ይመለሳሉ። ሃያ ዓመት በመቋሚያ ያልፈረሰ ግድግዳ በአንድ ትንፋሽ ሊፈርስ ነው። ሰኞ ጠዋት ሚስቴን አጥሚት አሠርቼ፣ በማሰሮ ይዤ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመሪጌታን በር አንኳኳሁ።

«ማን ነው?» አሉ ከአልጋቸው ላይ።

«እኔ ነኝ መሪጌታ።»

«አንተ ማን?»

«ሕንዱ።»

«ኧረግ! ገና ሳልሞት ወንበር ልትቆጥር መጣህ?»

«አይ፣ አጥሚት ይዤልዎት ነው።»

«ሃያ ዓመት ስንጎራበት ውኃ አቅምሰኸኝ አታውቅም።»

«ሳይመቸኝ ቀርቶ ነው።»

«ዛሬ ምን ተመቸህ?» አሉና ተነሥተው ትራስ ደገፍ አሉ። «ሐሙስ እንግዳ አለባችሁ አሉ። ከሐሙስ በፊት እንዳልሞትብህ ነው የመጣኸው?»

ሌላ ሰው ይዋሽ ነበር። እኔ ግን መዋሸት የለመድሁት ሕንድ በሚናገረው ላይ ብቻ ነው። «አዎ መሪጌታ» አልሁ።

ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሳቁ ሳል ሆነባቸውና አጥሚቱን አጎነጨኋቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ፣ «ቆይ እስቲ» አሉ። «በዚያ የሕንድ ፊልምህ የጀግናውን ወንድም በአንዱ ቅዳሜ ወንዝ ላይ ገደልኸው። በሳምንቱ ያንኑ ሰው ሠርግ ላይ ገደልኸው። አንድ ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚሞተው?»

«ይሰሙኝ ነበር?»

«ግድግዳው ጭቃ ነው እኮ። ላልሰማ ብልስ የት እሄዳለሁ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያቺ በሕፃንነቷ ገበያ ላይ የጠፋችው ልጅ፣ መጨረሻ ላይ እናቷን አገኘቻት? እዚያ ላይ ስትደርሱ ዘፈኑ ይጀምራል፣ ሰዉ ያጨበጭባል፤ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።»

ስንት ጊዜ ጨርሼዋለሁ ያንን ፊልም! እሳቸው ፊት ግን መፍጠር አቃተኝ። «እውነቱን ልንገርዎት? አላውቅም። ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። በደስታ ይሁን በሐዘን እኔም አልለየሁትም።»

«ታዲያ ለሰዉ ምን ትለዋለህ?»

«እንደ ዘመኑ ነው። ገብሱን በረዶ የመታው ዓመት ከሆነ አገኘቻት እላለሁ። ጥጋብ ከሆነ ጥቂት አስለቅሳቸዋለሁ።»

«ይህስ ደህና ነው» አሉ። «ማንም አላስመሰከረህም፤ ግን ደህና ነው።» ልወጣ ስል ደግሞ ጠሩኝ። «እስከ ዓርብ ለመቆየት እሞክራለሁ። ቀጠሮው ግን የእኔ እንዳይመስልህ።»

ማክሰኞም አጥሚት ይዤ ሄድሁ። ተነሥተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። አሁን ራሴን ስጠይቀው፣ ደስታው ለሐሙስ ብቻ ነበር ወይስ ለእሳቸውም ነበር? ያን ቀን ብጠየቅ ለሐሙስ ነው እል ነበር። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባው ተነፋ።

የአልጋዬን ጉድ ነግሬያችኋለሁ። ከአልጋ ከወረድሁ በኋላ ደግሞ የባሰ ሠራሁ። የእድር ሰዎች ወንበር ሊወስዱ ሲመጡ ሃያውን አልሰጠኋቸውም። አሥሩን በር ላይ አውጥቼ ጠበቅኋቸው።

«ቀሪው የታል?» አለ የእድሩ ዳኛ ታከለ። ታከለ ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ከቁመቱ ያጠረ ሰው ነው።

«ምስጥ በልቶታል።»

«አሥሩንም?»

«ምስጥ ሲጀምር መች ይመርጣል።»

ታከለ አየኝ። አሥሩን አሸክሞ ሄደ። እኔ ደግሞ ስሌቴ ያማረ መስሎኛል፤ አሥሩ ለሟች፣ አሥሩ ለቤቱ። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ከለቅሶው ሃያ ሠላሳ ሰው ለአንድ ሰዓት ሾልኮ ቢመጣ፣ አሥሩ ወንበር ላይ ተራርቆ ቢቀመጥ፣ ፊልሙ ድምፁ ተቀንሶ ቢታይ፣ ሟችም አይሰሙም፣ እድሩም አያይም። ጅል ሰው ዕቅድ ሲያወጣ ብዙ «ቢ» ያበዛል።

የመሪጌታ ግቢ ጠባብ ስለሆነ ድንኳኑ የተተከለው ከመንገድ ማዶ፣ ከዳገቱ በላይ ባለው ሜዳ ነበር። ከቀብር መልስ ሰው ሊቀመጥ ሲል ግማሹ ቆመ። ከቤተ ልሔም ድረስ በእግራቸው የመጡ ካህናት ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ምስጥ የሚባል ነገር ባልተፈጠረ እያልሁ ዋልሁ።

ሐሙስ ጠዋት ታከለ በለቀስተኛው ፊት ጠራኝ። «ለንፍሮው ማገዶ አንሷል። ያ ምስጥ የበላው እንጨት ምን ይሠራል? ቁልፉን ለውባለም ስጣት፤ ትውሰደውና ትማግደው።»

ውባለም ድንኳን ውስጥ የሚበላ የሚጠጣውን የምታሰናዳ ሴት ናት፤ ምላሷ ከምጣዷ በላይ ይግላል። ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ ሰጠኋት። ወረደች። ጥቂት ቆይቶ ጩኸቷ ዳገቱን ወጥቶ መጣ።

«ኧረ ኑና ጉድ እዩ! ምስጡ ረድፍ ጠብቆ ነው እንዴ የሚበላው? ጠርጎ፣ ወልውሎ፣ መጋረጃም ሰቅሏል እኮ!»

ድንኳኑ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ለቅሶ ላይ መሳቅ ነውር ነው እንጂ፣ አፋቸውን በነጠላ የሸፈኑትን አይቻለሁ።

«ሰው የለቅሶ ወንበር ይደብቃል?» አለ ታከለ።

«ለራሴ አይደለም! ቤታችንን ላድን ብዬ ነው!»

እትዬ ዘርፌ ከሴቶቹ መሐል ተነሡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ከትናንት ጀምሮ ከሟች ሚስት አጠገብ አልተለዩም። «የማንን ቤት?» አሉኝ። «ቤቱ የእኔ ነው። መቼ አድንልኝ አልሁህ?»

«ይፈርሳል እኮ እትዬ! ዛሬ ነው የሚመጡት!»

«ይፍረስ! ወርቁ ያንን ቤት ሲያቆም ጭቃውን ከረገጡት አንዱ መሪጌታ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ረገሙት፤ መርገም መብታቸው ነው፣ ጭቃው የእግራቸው ነው። ሬሳቸው ከግድግዳው ወጥቶ ሳይውል ሳያድር በዚያ ቤት ፊልም አላሳይም። እንኳን ለሁለት እንግዳ፣ ለንጉሥ አላሳይም!»

ውባለም ዳገቱን ወጥታ ቁልፉን እጄ ላይ ጣለችው።

«እንግዲህ» አለ ታከለ፣ «የደበቀ ይሸከም።»

አሥር አግዳሚ ወንበር። ባሕር ዛፍ ነው፤ አንዱን ለማንሣት ሁለት ሰው ያስፈልገዋል። አንድ በአንድ፣ ብቻዬን፣ በጀርባዬ፣ ዋናውን መንገድ አቋርጬ ዳገቱን አወጣሁ። ሐሙስ የሥራ ቀን ስለሆነ የከተማው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነበር። አንድ የባጃጅ ሾፌር አጠገቤ ደርሶ ቀዝቀዝ አለና፣ «ሕንዱ፣ ስንት ሰው ትጭናለህ?» አለኝ። «እናትህን ከነዘመዶቿ» ልለው ነበር፤ ትንፋሼ አልበቃኝም።

ዘጠነኛውን አድርሼ ስመለስ ከሰሌዳው ፊት ቆምሁ። «ለክቡራን እንግዶቻችን ልዩ ፊልም» ይላል፤ በዚያ በሚያምር ጽሑፌ። ማንም አላዘዘኝም። በእጅጌዬ ጠረግሁት። ከዚያ ጠመኔ አነሣሁ። ይህኛውን ለመጻፍ ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም፤ እጄ ራሱ ያውቀው ነበር። «ዛሬ ፊልም የለም። ጎረቤታችን መሪጌታ ጥበቡ ዐርፈዋል።» በሩን ቆለፍሁ፣ አሥረኛውን ወንበር ጀርባዬ ላይ አድርጌ መንገድ ገባሁ።

መሐል መንገድ ላይ ነጭ መኪና ፊቴ ቆመ። አንዲት ወጣት ሴት በመስኮት ብቅ አለች። ኋላ እንደ ሰማሁት ኢንጂነር ናት። ከጎኗ ፋይል የታቀፈ፣ ፊቱ ያልተፈታ ሽማግሌ ተቀምጧል።

«አባቴ፣ ሲኒማ ቤቱ በየት በኩል ነው?» አለች።

«ጀርባዬ ላይ» አልኋት።

የሳቀችው እሷ ብቻ ናት። ወንበሩን አውርጄ ወሰድኋቸው፣ በሩን ከፈትሁ። ሽማግሌው በስልክ እያወራ ገባ። ቤቱ ባዶ ነው። በንጹሕ ወለል ላይ የታጠበ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ሌላ ምንም የለም።

«መቀመጫው የት አለ?» አለ ሽማግሌው።

«ለቅሶ ላይ።»

«ተመልካቹስ?»

«ለቅሶ ላይ።»

«ባለቤቷስ?»

«እሳቸውም ለቅሶ ላይ።»

«አንተስ?»

«እኔ መሐል መንገድ ላይ ነበርሁ፤ እናንተው አስቆማችሁኝ።»

ሽማግሌው ኢንጂነሯን አየ፤ ኢንጂነሯ ወለሉን አየች። ፋይሉን ከፍቶ ብዕር አወጣ። አንገቴን አስግጌ አነበብሁት፤ ይህ መማር የሚሉት ነገር ለካ ለዚህ ነበር። «አገልግሎት» ብሎ ጽፎ ቆሟል። ቀጥሎ ያለው ቃል የቤቱ ሞት ወይም ሕይወት ነው።

«ለቅሶው የጎረቤት ነው?» አለ ድንገት።

«ግድግዳ ለግድግዳ።»

ብዕሩን ከደነ። «ለቅሶ አጠገብ ደርሶ ሳይገቡ ማለፍ አይሆንም» አለና ቀድሞን ወጣ። ያ አሥረኛ ወንበር መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ጎንበስ ስል ሽማግሌው በዚያ ጫፍ ያዘልኝ። ታከለ ያየውና ቅጣቱ ፈረሰ ይል ይሆን ብዬ ፈራሁ እንጂ፣ እውነት ለመናገር ጀርባዬ አመሰገነው።

ድንኳን ገብተው «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ባመጣነው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ውባለም ንፍሮ ዘገነችላቸው። ሽማግሌው ወንበሩ እግር ላይ በቀለም የተጻፈ ቁጥር አየና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ይህ ሦስት ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሦስተኛ ረድፍ ነው። ጥሩ ቦታ ነው፤ ምሰሶው አይጋርድዎትም።»

ኢንጂነሯ ታከለን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስለ ሲኒማ ቤቱ አንድ ሁለት ሰው ብጠይቅ?» አለችው። እኔ በውስጤ «ጠይቂ፣ ጠይቂ፣ እኔን ጠይቂ!» እላለሁ።

«ልጄ» አላት ታከለ፣ «በሌላ ቀን ብትመጪ ሦስት ቀን እናወራሻለን። ዛሬ የመጣነው ለመሪጌታ ነው። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ስለ ቤታችን አንለምንም።»

«ግን እኮ ሌላ ቀን አንመጣም።»

«እንግዲያ ይቅርብን። ንፍሮውን ቅመሺ።»

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። በየቅዳሜው የማይጠፉት፣ ቤቱ ቢፈርስ ቅዳሜያቸው የሚፈርስባቸው ሰዎች ናቸው። እትዬ ዘርፌ እንኳ ቀና ብለው አላዩም። ታከለን ልነክሰው ደረስሁ። ግን ምን እንደ ሆንሁ አላውቅም፣ ሲሸከም የዋለ ጀርባዬ በዚያው ቅጽበት ቀጥ አለ። እንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ በረኛ መሆን ሹመት ነው አልሁ በልቤ። ቤት የሌለው በር ላይ እንኳ እቆማለሁ።

ጥቂት ቆይተው ተነሡ። መኪናቸው ከሲኒማ ቤቱ ፊት ነው የቆመው። ሸኘኋቸው። ሽማግሌው የመኪናውን በር ከፍቶ አንድ እግሩን አስገባና ቀረ። ሰሌዳውን እያየ ነው። እግሩን መልሶ አወጣ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እንደምንመጣ እያወቅህ?»

«እያወቅሁ።»

«ሳንመጣ በፊት?»

«ጌታዬ፣ ጽፌው ስመለስ አይደለም እንዴ መንገድ ላይ ያገኛችሁኝ?»

ሰሌዳውን እንደገና አነበበው። እንደ እኔ ቀስ ብሎ ነው ያነበበው፤ ቃል በቃል። ከዚያ ወደ ኢንጂነሯ ዞሮ፣ «ፎቶ አንሺው» አላት።

«ምን ልበለው ሪፖርቱ ላይ? ቤቱ ዝግ ነው፤ ሰው የለም፤ መቀመጫ የለም» አለች።

«ልጄ፣ አገልግሎት የማይሰጥ ቤት ‹ዛሬ የለም› ብሎ አይጽፍም። የሞተ ቤት ለማን ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል? ‹ዛሬ የለም› የሚል፣ ትናንት የነበረውና ነገ የሚኖረው ብቻ ነው።» ፋይሉን መኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጋና ያን ጅምር መስመር ጨረሰው። ዓይኔን ከብዕሩ አልነቀልሁም። «አገልግሎት በመስጠት ላይ ያለ። በዕለቱ በሐዘን ምክንያት የተዘጋ።» እኔ በሕይወቴ ያነበብሁት፣ ክልክል የማይል የመጀመሪያው የመንግሥት ጽሑፍ ያ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሽማግሌው እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ ሽንኩርት ልግዛም አላለኝ።

ድንኳን ስመለስ ለማንም አልተናገርሁም፤ ሠልስቱ እስኪወጣ ያዝሁት። አንደበቴን ለምታውቁ ይህ ራሱ ተአምር ነው።

መንገዱ ዘንድሮ ተሠራ። በከተማችን ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ይመጣና እኛ ሰፈር ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ጥቂት ሄዶ ወደ ቀኝ ይመለሳል። የአውቶብስ ሾፌሮች መሪያቸውን እያዞሩ ይራገማሉ። ባለፈው አንዱ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ሳለ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «ይህን የመሰለ መንገድ እዚህ ጋ ማን ነው ያጣመመው?» ብሎ ጮኸ።

«እኛ ነን!» አልሁት፣ ተነሥቼ ቆሜ።